የእትዬ ስላቭካ ደጅ ጥናት

«እምቢ» ሲባል የማይገባው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ተዘግቷል ማለት ነው።

ከዳኑብ ወንዝ ዳር ላለው ዩኒቨርሲቲያችን እግዜር የሰጠው ክብርት ተባባሪ ፕሮፌሰር ስላቭካ ዶቼቫን ነው። ፊት ለፊት እትዬ ስላቭካ እንላቸዋለን፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ብቅ ሲሉ ግን ምንም ሳንል እንበተናለን። ቁመታቸው ከበር እጀታ ብዙ አይዘልም። እሳቸው የቆሙበት በር ግን ሳይከፈት አይውልም።

ደጅ የሚጠኑት ለማዕከሉ ነው። ማዕከሉ መምህራንን ያሠለጥናል፦ ማየት ወይም መስማት የተሳነውን ልጅ፣ ፊደል የሚዘበራረቅበትን ልጅ፣ ቤቱ ቱርክኛ ሲያወራ አድጎ ክፍል ሲገባ ቡልጋርኛ የሚጠብቀውን ልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩ። እኔም እዚያው የንባብ ትምህርት አስተምራለሁ፤ ማለትም የእትዬ ስላቭካን ቦርሳ እሸከማለሁ።

«ዴያን ልጄ፣ እምቢ ማለት ጥሬ እሺ ነው» ይሉኛል። «እሳቱን አታጥፋ እንጂ ይበስላል።»

ሲያበስሉ አይቻለሁ። አንድ ምክትል ሚኒስትር ሊፍት ውስጥ ያዙ። ሰውዬው ሦስተኛ ፎቅ ሊወርዱ ነበር፤ እስከ ሰባተኛ ወጥተው ተመለሱ። ሲወጡ «በጀት የለም» ይሉ ነበር፤ ምድር ሲደርሱ የብሬል ማተሚያ ፈቅደዋል። የዲናችን አማት የተቀበሩ ዕለት ደግሞ እትዬ ስላቭካ ሐዘንተኛውን አቅፈው በጆሮው፣ «ነፍስ ይማር። ያንን የምድር ቤት ክፍል ግን አሰብክበት? ተሽከርካሪ ወንበር ደረጃ አይወጣም እኮ» አሉት። ሟቹ ራሳቸው ቀና ብለው «ስጧት ባካችሁ፣ ልረፍበት» የሚሉ መስሎኝ ነበር። ክፍሉ በሳምንቱ ተሰጠን።

ባለፈው መኸር ግን ነገሩ ከረረ። መንግሥት መጀመሪያ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎቻችንን «አላስፈላጊ ወጪ» ብሎ ሰረዘ። ቀጥሎ ማዕከሉ ራሱ ከበጀቱ ሊወጣ ነው ተባለ። በፓርላማው ኮሚቴ ፊት አምስት ደቂቃ እንድንናገር ተፈቀደልን። እትዬ ስላቭካ ባኒጻ የምንለውን የአይብ ቂጣ ጋግረው፣ እኔንና ሚግለናን አስከትለው ወደ ዋና ከተማው ሶፊያ ወረዱ። ሚግለና መስማት የተሳናት ወጣት ናት፤ ከማዕከላችን ተመርቃ በአንድ መንደር ታስተምራለች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ራዶስላቭ ቤቼቭ የተከበሩና የደከማቸው ሰው ነበሩ።

«ወይዘሮ ዶቼቫ፣ አገሪቱ ችግር ላይ መሆኗን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ! እኔስ የምኖረው የት ሆነና?»

ከዚያ የማይታመን ነገር አደረጉ፤ ማይክራፎኑን ለሰው ሰጡ። «ጊዜዬን ለመምህርት ሚግለና ትቻለሁ» ብለው ተቀመጡ። ሚግለና ተነስታ በእጆቿ መናገር ጀመረች። እጆቿ ፈጣን ናቸው፤ የእኔ ዓይን አልደረሰባቸውም። እንደራሴዎቹ መጀመሪያ በትሕትና ፈገግ አሉ። ትንሽ ቆይቶ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ሰብሳቢው። «አስተርጓሚ የለም እንዴ?»

«ነበረ፣ ክቡርነትዎ። አላስፈላጊ ወጪ ነው ብላችሁ ሰረዛችሁት።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ታዲያ እርስዎ አይተረጉሙልንም? ቋንቋውን ያውቁት የለም?»

እትዬ ስላቭካ የሚግለናን እጆች አዩ፤ እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። «ይቅርታ… ይህንንስ እኔ አልችልም» አሉ። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም፤ በልቤ አጨበጨብኩ። «ትንሽ ታገሱ» ብለው ቀጠሉ፤ «እሷም ልጅ ሳለች ክፍል ውስጥ እንደ እናንተ ነበር የምትቀመጠው።»

ሚግለና ጨርሳ እስክትቀመጥ ሁሉም እጆቿን ሲያይ ቆየ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ማዕከሉ ተረፈ፤ ለአንድ ዓመት። አስተርጓሚዎቹም ተመለሱ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። እኔ በደስታ ልዘል ስል እትዬ ስላቭካ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ልጆቹ አርብ አርብ ይሰማሉ ማለት ነው?»

ወደ ቤት ስንመለስ የሁለተኛ ማዕረግ ማሞቂያ ተበላሽቶ ፉርጎው በረዶ ሆኗል። እትዬ ስላቭካ ኮቱን ለብሶ ከሚንቀጠቀጠው ትኬት ተቆጣጣሪ ጋር ገጠሙ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ አንደኛ ማዕረግ ይዛወሩ ነው የሚሉት። እኔ ሚግለናን በተንቀራፈፈ እጄ «ለመሆኑ ምን ነበር ያልሻቸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

ሳቀች። ከዚያ እንድረዳት ቀስ ብላ በምልክት ነገረችኝ።

«ስለ አስተርጓሚዎቹ ተናገሪ ነበር የተባልኩት። እኔ ግን የተናገርኩት ስለ እሳቸው ነው። ልጅ ሳለሁ መምህራኖቼ እናቴን ‹ይቺ ልጅ ደደብ ናት፣ ቤት ትቀመጥ› አሏት። በዚያ ክረምት አንዲት አጭር ሴትዮ በበረዶ ውስጥ መንደራችን መጡ። ወጥ ቤታችን ገብተው ተቀመጡ፤ እናቴ እሺ እስክትል አልወጣም አሉ። አባቴ ቢቆጣ፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! እዚያው አደሩ። በነጋታው ይዘውኝ ሄዱ፤ እስክመረቅ ድረስም እጄን አልለቀቁም።»

ለካ ትወና አልነበረም። ለሰው ሁሉ ደጅ ሲጠኑ የኖሩት ሴትዮ ስለ ራሳቸው የተነገረውን መልካም ቃል በገዛ አፋቸው ማውጣት ከብዷቸው ነው።

ቀና ስል ተቆጣጣሪው ተሸንፎ የአንደኛ ማዕረግን በር እየከፈተ ነበር። እትዬ ስላቭካ አንዲት አሮጊት ደግፈው ሲያልፉ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ እኚህ ሴትዮ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

«እግዜር ይመስገን» አልኩት፣ «ሁልጊዜ።»