ኅዳር ዐሥራ ሁለትና የደበበ ቴሌቪዥን

ቀን እንደ ሰው ነው ልበል? አንዳንዱ ማንም ሳያስታውሰው መጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሠርግና ተዝካር በአንድ ግቢ እንደደገሰ አባወራ የሚይዝ የሚጨብጠውን ያጣል። ይህን የምላችሁ ፈላስፋ ስለሆንኩ አይደለም። ናዝሬት ውስጥ (አዳማ ማለት የሚቀናችሁ አዳማ በሉ፤ ከተማው በሁለቱም ስሙ አቤት ይላል) ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ የግድግዳ ካላንደር ሳዘጋጅ ስለኖርኩ ነው። እናንተ ካላንደር ቀና ብላችሁ የምታዩት ደመወዝ ስንት ቀን ቀረው ለማለት ነው። እኔ ግን የትኛው ቀን በዓል በዝቶበት ጽሑፉ ከመስመር እንደሚወጣ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ከሁሉም ያስመረረኝ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው። በሁለት ጣት በምትሸፈን ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ቅዱስ ሚካኤል አለ፤ ያውም ዓመታዊው። ከሥሩ ኅዳር ሲታጠን አለ፤ ያ ክፉ የኅዳር በሽታ አያቶቻችንን ከፈጀ ወዲህ ቆሻሻው በየደጁ ተጠርጎ የሚቃጠልበት፣ ሰፈሩ በጭስ የሚታፈንበት ቀን። በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ልጄ ሜሮን ስልኳን እያሻሸች እንደነገረችኝ፣ ፈረንጅ ኅዳር ዐሥራ ሁለትን ኖቬምበር ሃያ አንድ ብሎ የቴሌቪዥን ቀን አድርጎታል። የዓሣ ሀብት ቀንም አድርጎታል። አልበቃ ብሎት የሰላምታ ቀንም አድርጎታል፤ በዚህ ቀን ማንኛውም ሰው ቢያንስ ዐሥር ሰው ሰላም ማለት አለበት አሉ፣ ጠብ በንግግር እንጂ በጉልበት እንዳይፈታ ለማሳሰብ። እስቲ አሁን መልአክ፣ ወረርሽኝ፣ ቴሌቪዥን፣ ዓሣና ሰላምታ በአንድ ቀን ምን አገናኛቸው? ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ዓርብ ላይ ዋለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም፤ ዝዋይ ዘመዶች አሉኝ።

እኔን መከራዬን ያሳየኝ ግን ቴሌቪዥኑ ነው። ነገሩን ከአምና ልጀምርላችሁ።

ጎረቤቴ ደበበ በደህናው ጊዜ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አጥር ተጋርተን፣ ልጆቻችን ማን ቤት በልተው ማን ቤት እንደተኙ እስኪጠፋን ድረስ ኖረናል። በሰፈራችን የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ያስገባው እሱ ነው። ከአሰብ ጭኖ ያመጣው፣ እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው፣ በአራት እግሩ የሚቆም የእንጨት ቴሌቪዥን ነበር። እሑድ እሑድ ሰፈሩ በሙሉ እሱ ሳሎን ይታደማል፤ ወንበር ያልደረሰው በመስኮት ያያል። ቴሌቪዥኑ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ደበበ ግን አልጣለውም። ጡረታ ሲወጣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ እግሩን ነቅሎ፣ መጽሐፍ ቅዱስና የልጆቹ ፎቶ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ሊያደርገው ቫርኒሽ ቀባው። እንዲደርቅለትም ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ ደጅ አወጣው። መቼ አትሉኝም? አምና፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ጠዋት።

እኔ ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ላይ ልክ የለኝም። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ የራሴን ደጅ ጠርጌ፣ የራሴ ቆሻሻ አልበቃ ብሎኝ የሰፈሩን ስሰበስብ ነበር። ከአጥሩ ሥር የተደፋ ደረቅ ሣጥን አየሁ። ጎሽ፣ ደበበም ዘንድሮ ጣለ አልኩና አንሥቼ እሳቱ ላይ ወረወርኩት። ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቱ ከአጥሩ በላይ ወጣ። እኔም በሥራዬ ኮርቼ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሣጥኑ እየነደደ ሲገለበጥ ግን የቴሌቪዥን ሁለት ክብ ቁልፎች አየሁ። የደበበ ቴሌቪዥን ነበር።

ደበበ ብሩሹን እንደያዘ ከበሩ ወጣ። እሳቱን አየ፣ እኔን አየ። ያን ጊዜ ይቅርታ ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ሰው ግን ሲያፍር አንደበቱን ሰይጣን ይከራየዋል። «ድሮስ ምን ሊሠራልህ ነበር?» አልኩት። በገዛ አፌ! ደበበ ገባና በሩን ዘጋ።

ዓመቱን ሙሉ ሳንነጋገር ከረምን። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ሳላስብ ቀርቼ አይደለም፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጊዜው ሄደ። አንድ ጊዜ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁትና እንደምንም ደፍሬ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት። ዝም ብሎኝ አለፈ። ከዚያ በኋላ ማን ይናገራል! እኔም ኩራት አለኝ።

ከባዱ ነገር ደግሞ ሁለታችንም የአንድ ሚካኤል ማኅበርተኞች መሆናችን ነው። በማኅበራችን ደንብ ቂም የያዘ ሰው ከጽዋው አይቀምስም፤ መጀመሪያ ይታረቃል። እኛ ሁለት ሽማግሌዎች ግን ቄሱን ዓመት ሙሉ አታለልን። እሱ በወዲያኛው ጥግ፣ እኔ በወዲህኛው ጥግ እየተቀመጥን ጽዋው በሌላ ሰው እጅ እየዞረ ይደርሰን ነበር። ዘንድሮ ግን የኅዳር ሚካኤል ተራ የእኔ ሆነ። ደበበ ወይ በእኔ በር ይገባል፣ ወይ ይቀራል። ከቀረ በሰውም በመልአኩም ፊት ጓደኝነታችን አበቃ ማለት ነው። ባለቤቴ ፀዳለ ከሚስቱ ከአልማዝ ሰምታ የነገረችኝ ደግሞ አንጀቴን ቆረጠው። «እዚያ ግቢ እግሬን አላስገባም ብሏል» አለችኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጠዋት ፀዳለ ፕላስቲክ ወንበር ተከራይቼ እንዳመጣ ላከችኝ። ስወጣ ሜሮን ከኋላዬ፣ «አባዬ፣ የሰላምታ ቀን ነው፣ ዐሥር ሰው እንዳትረሳ!» ብላ ሳቀች። ዐሥር ሰው! ፈረንጅ ዐሥር ሰው ሰላም ለማለት ቀን ያስፈልገው ይሆናል። እኛ ሰፈር እኮ ዐሥር ሰው ሰላም ብሎ በጊዜ ቤቱ የሚገባ የለም። ያም ሆኖ እንደ ቀልድ መቁጠር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው በጋሪው የውሃ በርሜል ጭኖ የሚዞረው ከድር ነበር። «አካም ቡልተን፣ ጋሼ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ። «ነጋ!» አልኩት። «ጋሽ ደበበስ ደህና ናቸው?» አለ። ደህና ናቸው ብዬ አለፍኩ። ዳቦ ቤቷ ጋ ስደርስ ባለቤቷ ልጆቼን ሳትጠይቀኝ ደበበን ጠየቀችኝ። ጫማ አዳሹም ጠየቀኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የሚጮኽ አንድ የማላውቀው ሰው ሳይቀር «ጓደኛህስ?» ብሎኝ አለፈ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሄድ ያየን ሰው እኛን ነጣጥሎ ማየት አልቻለበትም። እኔም ለስምንት ሰው ስምንት ጊዜ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ደህና መሆኑን ግን በምን አውቄ? ዓመት ሙሉ ፊቱን ቀና ብዬ አላየሁትም። አምስተኛው ላይ አፈርኩ፣ ስምንተኛው ላይ ከፋኝ።

ዘጠነኛዋ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ናት። ገና ሳልጠጋ፣ «ጋሼ፣ የጋሽ ደበበን ጠብታ በሰዓቱ እያደረጋችሁላቸው ነው አይደል?» አለችኝ።

«የምን ጠብታ?»

«የዓይናቸውን ነዋ! ባለፈው ሳምንት የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ የለ? ይዘዋቸው የሄዱት እርስዎ መስለውኝ። ደግሞ ዛሬ ይሄ ጭስ! ቁስሉ ገና ስለሆነ ጭስ እንዳያገኛቸው ተጠንቀቁ፤ ዓይን ነው፣ ቀልድ አይደለም። ምስኪን፣ ከዐሥር ወር በላይ እኮ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ብቻ ነበር።»

በድምፁ ብቻ! የፋሲካ ማግስት ባርኔጣ አንሥቼ ጎንበስ ስል ድምፄን መች አሰማሁት? እኔ ናቀኝ ብዬ ሰባት ወር ስበግን ሰውየው አላየኝም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ራሴን በራሴ ሰደብኩት። ቀና ስል ደግሞ የሰፈራችን ሰማይ በጭስ ጠቁሯል። ወንበሩ ድራሹ ይጥፋ አልኩና ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ፣ በእኔ ጉልበት የሚቻለውን ያህል።

ቅያሳችን ውስጥ አምስት ቦታ ይጨሳል። ከድር ጋሪውን እየነዳ ሲመጣ አስቆምኩት። «ውሃህን እፈልገዋለሁ፣ በርሜሉን በሙሉ፤ የደበበ ዓይን ሊጠፋ ነው!» አልኩት። ከድር አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ፈረሱን አዞረና ጀሪካን አቀበለኝ። የመጀመሪያውን እሳት ሳጠፋ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጡብኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ሰፈሩ ሳይታጠን በሽታ ሊገባብን ነው! አምና የሰፈሩን ቆሻሻ ስታቃጥል የነበርከው አንተ አይደለህ?»

«እትዬ፣ በሽታው ከመጣ መጀመሪያ እኔን ይውሰደኝ!» አልኳቸው።

«አንተንማ ምን ያደርግሃል!» አሉ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን የራሳቸውን እሳት በራሳቸው ባልዲ አጠፉ፤ ሁለተኛውንም ጎረቤታቸውን እየተቆጡ አስጠፉት። ሦስተኛው ጠፋ፣ አራተኛውም ጠፋ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ አመድና ውሃ ሆነ። ፀዳለ በር ላይ ወጥታ «ወንበሩስ?» ስትል ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። አምስተኛው፣ ከሁሉም የበለጠ የሚትጎለጎለው ጭስ ከደበበ አጥር ጥግ ነበር። የመጨረሻውን ጀሪካን ተሸክሜ፣ ማነው ይሄ ልብ የሌለው ሰው እያልኩ ጥጉን ዞርኩ።

ልብ የሌለው ሰው ራሱ ደበበ ነበር። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ በካርቶን ቁራጭ እሳቱን ያራግባል። ዕድሜ ልኩን ኅዳርን ሳያጥን ውሎ አያውቅማ! ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት። ቸስ! አመዱ ተነሥቶ ሁለታችንንም አለበሰን። ደበበ ካርቶኑን እንደያዘ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«መኮንን» አለ። ስሜን ከአፉ ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል። «አምና የማይቃጠለውን አቃጠልክ። ዘንድሮ የሚቃጠለውን አጠፋህ። አንተ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ልክ አትሠራም?»

ለዓመት ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ። የት እንደገባ እንጃ። «ጭስ ተከልክለሃል!» ብዬ ጮህኩበት። በዓለም የሰላምታ ቀን ለዐሥረኛው ሰው ያቀረብኩት ሰላምታ ይኸው ነው።

«አልማዝን ለማንም አትንገሪ ብያት ነበር፤ ለአንተ ማን ነገረህ?»

«ሰው ነገረኝ። ከአንተማ እንዴት ልስማ?» አልኩት። «ደበበ፣ የዚያን ቀን ያልኩህ ነገር...»

«የቱ?» አለ። ያውቀዋል እኮ! ከእኔው አፍ ሊሰማው ፈልጎ ነው።

«ድሮስ ምን ሊሠራልህ ነበር ያልኩህ። ይቅር በለኝ። ሣጥኑንም፣ ቃሉንም።»

ካርቶኑን አጣጥፎ ጣለው። «ሣጥኑንስ ያን ዕለት ማታ ነው የተውኩት» አለ። «ቃልህ ነበር ያልወጣልኝ።» ትከሻዬን በአመዳም እጁ ያዘኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተው መጥተህ እጄን ይዘህ ወደ ማኅበሩ ታስገባኛለህ። አሁን ግን ግባ፤ ጠብታዬ ሰዓቱ አልፏል። አልማዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ጆሮዬ ውስጥ ነው የጨመረችው።»

ታጥቤ ገባሁ። ደበበ ሶፋው ላይ በጀርባው ተንጋለለና መነጽሩን አወለቀ። የመጀመሪያው ጠብታ ቅንድቡ ላይ አረፈ። «ዓይኔ ከዚያ በታች ነው» አለኝ። ሁለተኛው ገባለት። ትንሽ አርገበገበና ትኩር ብሎ ያየኝ ጀመር፤ ግንባሬን፣ ፀጉሬን፣ አገጬን፣ ተራ በተራ።

«አርጅተሃል» አለኝ።

«ዓይንህን አብርተው የላኩህ ይህን እንድትነግረኝ ነው?»

ሳቀ። ሲስቅ ውሃው በጉንጩ መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎታል አለች አልማዝ ደንግጣ። «አላለቀስኩም፤ ጠብታው ነው» አላት ደበበ። ጠብታው ነው፣ አልኩ እኔም። ውሃው በሁለቱም ጉንጮቹ ነበር የሚወርደው፤ እኔ ጠብታውን ያደረግሁለት ግን በቀኝ ዓይኑ ብቻ ነው።