«ካህራባ ጃት!» እና የእናቴ የውሃ ታንከር

እናንተዬ፣ መሳቅ ትችላላችሁ፤ ግን እስክጨርስ ጠብቁኝ።

ዛሬ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረርኩ በውሃ ታንከር ተሸነፍኩ!

አዎ፣ በውሃ ታንከር። እቤታችን ጣሪያ ላይ ባለው።

ለማታውቁኝ፣ ሀያት እባላለሁ። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው ያደግኩት፤ እናቴ የወሎ ልጅ፣ አባቴ ሱዳናዊ። ሥራዬ ሰው ቤት ኢንቨርተርና ባትሪ መግጠም ነው። ዐማራት ሰፈር ውስጥ መብራት ጠፍቶ ቲቪ የሚያይ ሰው ካያችሁ፣ ምናልባት የእኔ እጅ አለበት። (ጉራዬን ቻሉት፤ ትንሽ ወረድ ስትሉ ራሱ ይተነፍሳል።)

ከሥራ ስመለስ ደግሞ የመኪና ሬስ ሲሙሌሽን እጫወታለሁ። መሪዬ የእናቴ የልብስ ስፌት ጠረጴዛ ላይ ታስሯል።

ባለፈው ሳምንት ጌሙ ላይ አዲስ መኪና መጣች። ሃይብሪድ! ለረጅም ሰዓት ውድድር የተሠራች። ከቤንዚን ሞተሯ ጎን የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ አላት። ፍሬን ስትይዙ ባትሪው ይሞላል፤ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ ያ ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል።

ባትሪ! የኔ ሙያ! ይቺማ ለእኔ ነው የተሠራችው አልኩ።

ጀብራ ሰፈር የሚኖር ሙስዓብ የሚባል ልጅ አለ፤ በኢንተርኔት የሚወዳደር ቡድን ካፕቴን ነው። ለሚቀጥለው ወር የስድስት ሰዓት ውድድር ሦስተኛ ሹፌር ይፈልጋል። «በአዲሷ መኪና የአንድ ሰዓት ውድድር ግቢ፤ ከአምስተኛ ሳትወርጂ ከጨረስሽ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ በዐረብኛ።

ያንን ቦታ ሦስት ዓመት ስመኘው ነው የኖርኩት።

ሙስዓብ በስልክ እየተከታተለኝ ባትሪውን የምለቅበትን ሰዓት ሊነግረኝ ተስማማን። ችግሩ፣ እሱ ለሁሉም ነገር «ያላ!» ነው የሚለው። ፍሬን ያዢ፣ ያላ! እለፊው፣ ያላ! ደህና ዋይ፣ ያላ!

«ለባትሪው የራሱ ቃል እናውጣለት፤ ካህራባ ጃት በለኝ» አልኩት።

መብራት መጣ ማለት ነው! ካርቱም ውስጥ ሰውን ከዚህ በላይ የሚያነቃ ቃል አለ እንዴ?

ሐሳቡ የኔ ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

ዛሬ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ውድድሩ ተጀመረ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ቤቱ ራሴ በገጠምኩት ኢንቨርተር ነው የሚሠራው። ሄድፎኔ ስለተበላሸ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት። እናቴ ጓዳ ልብስ ዘፍዝፋ፣ ታንከሩ ደርቆባት፣ መብራት መጥቶ በሞተር ውሃ እስክትስብ ትጠብቃለች።

ከዘጠነኛ ተነስቼ ስምንተኛ፣ ሰባተኛ ገባሁ። ባትሪዬ? ሙሉ!

«ያ ሀያት፣ ሞልቷል እኮ! ልበለው?» ይላል ሙስዓብ።

«እንዳትል! የመጨረሻው ዙር ላይ ብቻ።»

«ለምን?»

«ለክፉ ቀን!»

ምን ላድርግ? እኔ ስልኬ ወደ ሰማንያ ፐርሰንት ሲወርድ ልቧ የሚመታ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉን ሶኬት የምትሞላ ልጅ ነኝ። የሞላ ባትሪ ሳይ ሰላሜ ይመለሳል። ግን ሙሉ ባትሪ ይዛችሁ ፍሬን ብትረግጡ ጉልበቱ የሚገባበት የለም፤ በየኩርባው እየባከነ ነበር። ይህንኑ ለደንበኞቼ ስንቴ አስረድቻለሁ!

የመጨረሻው ዙር። ስድስተኛ ነኝ። አምስተኛው ከፊቴ፣ እፊታችን ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ። ባትሪ ዘጠና ስምንት ፐርሰንት።

«ካህራባ ጃት!» ብሎ ሙስዓብ ጮኸ። «ካህራባ ጃት ያ ሀያት!»

ተጫንኩት። መኪናዋ ተወረወረች! አምስተኛውን ከጎኑ ደረስኩበት፣ አፍንጫዬ ቀደመ...

«አልሐምዱሊላህ!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ። ወደ ውሃው ሞተር ማብሪያ የሚሮጥ ኮቴ!

«እማ! አይደለም! እማዬ!»

ቀጭ።

ኢንቨርተሩ ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከመስታወቱ ውስጥ የራሴ አፍ ተከፍቶ አየሁት።

የውሃ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይጎትታል፤ ኢንቨርተር አይችለውም፣ ራሱን ያጠፋል። ሰው ቤት ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው የሞተሩን መስመር ከኢንቨርተሩ መለየት ነው። የኛን ቤት ግን «ነገ» እያልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች!

እናቴ እጇ ሳሙና እንደሆነ በር ላይ ቆመች።

«መጣ ሲል ሰማሁት እኮ፣ ወላሂ! የጎረቤት ልጅ አይደለም የጮኸው?»

«መጣ ያለው ለመኪናዬ ነው!»

«መኪና ከየት አመጣሽ?»

ቁጭ ብዬ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን የእውነት አለቀስኩ። ቦታው አምልጦኛላ!

«ባትሪሽ ስንት ቀርቶት ነበር?»

«ዘጠና ስምንት ፐርሰንት።»

«ምን ያደርግልሻል ብለሽ?»

«ለክፉ ቀን ነዋ። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ታዲያ ልጄ፣ ከፊትሽ አምስት ሰው እየሄደ ዛሬ ምን ቀን መስሎሽ ነበር?» አለችኝ።

ይህን የምትለኝ፣ የሳሎን ሶፋዋን ፕላስቲክ ሰባት ዓመት ሳትፈታ ያኖረች ሴት ናት!

ግን እውነቷን ነው። ተነሳሁ። መፍቻዬን ይዤ የሞተሩን መስመር ለየሁት። የሁለት ዓመቱ «ነገ» አርባ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ለሙስዓብ ጻፍኩለት፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ዕድል ስጠኝ፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሬ እጠቀምበታለሁ።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። «ኢንሻአላህ።»

ካርቱም ውስጥ ኢንሻአላህ ማለት አዎም ነው፣ አይሆንምም ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሐሙስ ይመጣልም ነው። እኔ አዎ ብዬ ተረጎምኩት።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ (የእውነቱ!) ልምምድ ገባሁ። በየዙሩ ባትሪውን አራግፌ እጨርሰዋለሁ። ሦስት ፐርሰንት ሲል ዓይኔ ሶኬት ይፈልጋል፤ ዙሬ ግን በሁለት ሴኮንድ ገደማ ፈጠነ። ቦታውን አልለቅም!

አዲስ ቃል ያስፈልገን ነበር። «ሞያ» እንዳንል በዐረብኛ ውሃ ነው፣ እናቴ ድጋሚ ትነሳለች። ቃሉን ያወጣችው ራሷ ናት፦ «ለምን ክፉ ቀን አትሉትም? እሱን ሰምቶ የሚሮጥ የለም።»

በድምፅ ቀድቼ ለሙስዓብ ላክሁለት። አማርኛ አያውቅም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድምፁን ላከልኝ፦ «ኩፉ ገን! ኩፉ ገን! ኸሚስ፣ ያላ!»

ኸሚስ። ሐሙስ ማለት ነው። ዕድሉን ሰጠኝ!

እስከዚያው እርዱኝ። ለመኪናዋ ቃል አግኝተናል፤ እናቴን የዚያን ሶፋ ፕላስቲክ የሚያስፈታ ቃል የምታውቁስ አላችሁ?