ስለ አንድ በርጩማና ስለ አገሪቱ ዕዳ

የምክር ቤቱ የኢኮኖሚና የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ትንሹ አዳራሽ (ትልቁ አዳራሽ አምፖል እስኪገዛለት ድረስ ተዘግቷል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ከሩብ

የተገኙ አባላት፦
1. ሰብሳቢው
2. ምክትል ሰብሳቢዋ፣ ቀድሞ የኢኮኖሚክስ መምህርት የነበሩ
3. በየንግግሩ መሃል «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» በማለታቸው «ሥነ ሥርዓት» የሚል ቅጽል የወጣላቸው አባል
4. ጋሼ፣ የኮሚቴው አንጋፋ አባል (እንቅልፍ ላይ)

ያልተገኙ፦ አንድ አባል፣ ስለ ወጪ ቁጠባ ለመሠልጠን ባሕር ማዶ የሄዱ
የተጋበዙ፦ የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ የዕዳ አማካሪ፤ በምስክርነት የአንድ ትልቅ መደብር ገንዘብ ተቀባይ
ቃለ ጉባኤ የያዘው፦ የኮሚቴው ጸሐፊ

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሥነ ሥርዓት የተኛ ሰው ይቆጠራል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው እስከ ዛሬም ሲቆጠር ነው የኖረው ብለው መልሰዋል።

አጀንዳ 1፦ ለምስክሯ ወንበር ስለ መስጠት

ምስክሯ በሩ አጠገብ ቆማ ስለ ነበር፣ ጸሐፊው ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ትርፍ ወንበሮች አንዱን ሊያቀርብላት ተነሥቷል። ሥነ ሥርዓት አስቁመውታል። ዛሬ የሚመረመረው ረቂቅ ሕግ ቆሞ ለሚሠራ ሠራተኛ በርጩማ ይሰጠው የሚል በመሆኑ፣ ለምስክሯ መቀመጫ መስጠት ገና ያልጸደቀን ሕግ በጓሮ በር ሥራ ላይ ማዋል ነው ብለዋል። ምክትል ሰብሳቢዋ ሴትዮዋ ብትቀመጥ ማን ይሞታል ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው በስብሰባ ላይ ስለ ሞት አይነሣም ብለዋቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ምስክሯ ሕጉ እስኪጸድቅ ድረስ እንድትቆም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል (ውሳኔ 1)። ጋሼ በእንቅልፍ ልባቸው እጃቸውን አውጥተዋል። ምክትል ሰብሳቢዋም የራሳቸውን እጅ ለምን እንዳወጡ ሲጠየቁ፣ ቶሎ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ ብዬ ነው ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ የምስክሯና የዕዳ አማካሪው ቃል

ምስክሯ ሒሳብ መቀበያው ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማ እንደምትውል፣ የእግሯ ደም ሥር አብጦ ማታ ማታ እንቅልፍ እንደሚነሳት አስረድታለች። ቀጥላም «ሐኪሙ ተቀምጣ ትሥራ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። አለቃዬ ወረቀቱን አየና፣ ወረቀት ሳይሆን ሕግ አምጪ አለኝ። እስከ ሰኞ ካላመጣሁ ወይ እንደ ጓደኞቼ መቆም ነው፣ ወይ ሥራዬን መልቀቅ። ሁለት ልጆች የማሳድገው ብቻዬን ነው» ብላለች።

የዕዳ አማካሪው በሰማው ነገር ማዘኑን ገልጾ፣ አበዳሪዎቻችን ግን አዲስ ወጪ የሚያመጣ ሕግ እንዳይወጣ ማሳሰባቸውን አስታውሷል። ወጪው የባለ መደብሩ እንጂ የመንግሥት አይደለም ሲባል፣ ጉዳዩን በሰሌዳ ላይ እየጻፈ አብራርቷል። በርጩማ ሲገዛ የመደብሩ ትርፍ ይቀንሳል፤ ትርፉ ሲቀንስ ግብሩ ይቀንሳል፤ ግብሩ ሲቀንስ ዕዳው ሳይከፈል ይቀራል። በአጭሩ እሷ ስትቀመጥ አገር ትወድቃለች ብሏል።

ምስክሯ የመናገር ዕድል ሳይሰጣት «አገሪቱ ራሷ መክፈል ሲያቅታት የሁለት ዓመት እፎይታ ስጡኝ ብላ አልለመነችም እንዴ? በዜና ሰምቻለሁ። እኔ በሰዓት አሥር ደቂቃ እንኳ ቁጭ ልበል ነው የምለው» ብላለች። ሥነ ሥርዓት ንግግሩ ከቃለ ጉባኤ ይውጣልኝ ብለዋል። ጸሐፊው አልሰማም።

አጀንዳ 3፦ የመስክ ጥናት

ሰብሳቢው ኮሚቴው መደብሩን በአካል ሳያይ መወሰን እንደማይችል ገልጸዋል። የዕዳ አማካሪው ግን የመስክ ጉብኝት በጀት በአበዳሪዎች ምክር መታገዱን አሳውቋል። በዚህ ጊዜ ምክትል ሰብሳቢዋ፣ የሚጠናው መቆም ከሆነ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በነጻ መቆም ይቻላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ወጪ ስለሌለው አማካሪው በደስታ ደግፎታል። ውይይቱ ከዚህ በኋላ በቁም እንዲቀጥል ተወስኗል (ውሳኔ 2)። ጋሼ በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሥተዋል።

ሥነ ሥርዓት ግድግዳ መደገፍ መቆም ነው ወይስ አይደለም የሚል ጥያቄ ሲያነሡ ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ምስክሯ ስለ መደብሩ ልማድ ተጠይቃ፣ የተደገፈ ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚቆረጥ ተናግራለች። ስለዚህ መደገፍ ተከልክሏል (ውሳኔ 3)።

ጥቂት እንደ ቆየ ሰብሳቢው ወገባቸውን ይዘዋል። አማካሪው የጠበበውን አዲስ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆሟል። ጋሼ ቆመው መተኛት ስላልቻሉ፣ በዚህ ኮሚቴ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅተው ይህን ሁሉ ብድር የተበደረው ማነው ብለው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው፣ ጋሼ ራሳቸው አምና ከምሳ በኋላ እጅ አውጥተው ያጸደቁት መሆኑን ገልጸውላቸዋል። ጋሼ በጣም ደንግጠዋል። ወደ ምስክሯ ዞር ብለውም «አይዞሽ ልጄ። እኔ እያለሁ ይሄ ሕግ አይወድቅም» ብለዋታል። ምስክሯ አልቅሳለች።

ከዚህ በኋላ ተቃውሞ አልተሰማም። ሥነ ሥርዓት በርጩማው መደገፊያ ይኑረው ብለዋል። ሰብሳቢው ትራስ ጨምረዋል። አማካሪው ስለ አበዳሪዎቹ ሲጠየቅ፣ እነሱም እግር አላቸውና ይረዱናል ብሎ መልሷል። በየሰዓቱ የአሥር ደቂቃ ዕረፍትም ተካቶ፣ ረቂቁ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል (ውሳኔ 4)። ምስክሯ ሕጉ ሰኞ ጠዋት ይደርስልኛል ወይ ብላ ጠይቃ፣ ሰብሳቢው ዛሬውኑ እፈርማለሁ ብለዋታል።

አጀንዳ 4፦ ፊርማ

ቆሞ መፈረም ስለማይመች ሰብሳቢው የመስክ ጥናቱ ማብቃቱን አውጀው ሁሉም ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ብዕሩን ከፍተው፣ ትራስ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ብዕሩን ዘግተውታል።

አማካሪው ጫማውን እያጠለቀ፣ አበዳሪዎቹ እግር እንዳላቸው በእርግጠኝነት ማስረጃ እንደሌለው ገልጿል። ሥነ ሥርዓት ደግሞ ውሳኔ 4 የተላለፈው አባላት በእግር ሕመም ተገደው ስለ ሆነ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ድምፅ አይደለም ብለዋል። ምክትል ሰብሳቢዋ ሕመሙን ለማወቅ አይደለም እንዴ የቆምነው ሲሉ፣ ሰብሳቢው አውቀነዋል፣ በቃ ብለዋቸዋል።

የትኞቹ ውሳኔዎች ይሻሩ በሚለው ላይ ክርክር ተጀምሮ ነበር። ነገር ግን የምሳ ሰዓት ስለ ደረሰ አንድ በአንድ መዘርዘሩ ቀርቶ፣ በዛሬው ስብሰባ የተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እንዳልተላለፉ እንዲቆጠሩ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል (ውሳኔ 5)። የተቃወሙት ምክትል ሰብሳቢዋ ናቸው። ሦስተኛው ድጋፍ የጋሼ ነው። ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ እጃቸው ግን እንደ ልማዱ ወጥቷል። ምስክሯ ያንን እጅ እያየች ነበር። ጸሐፊው ተናዷል። ይህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ተጽፏል።

አባላቱና አማካሪው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ወጥተዋል። ጋሼን ቀስቅሰው ወስደዋቸዋል።

ጸሐፊው ለፊርማ ለማዘጋጀት ቃለ ጉባኤውን ከላይ ጀምሮ አንብቧል። ውሳኔዎች ሁሉ አንድም ሳይቀር ስለ ተሻሩ፣ ምስክሯ እንድትቆም ያዘዘው ውሳኔ 1ም አብሮ መሻሩን ተገንዝቧል። ስለዚህ ከትርፍ ወንበሮቹ አንዱን አንሥቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ አቅርቦላታል። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠችው። ቆይታ ደገፍ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው ብሎ ጠይቋታል። «ሰኞማ እቆማለኋ፤ ልጆች አሉብኝ። አሁን ግን ትንሽ ልቀመጥ» ብላለች።

የጥበቃ ሠራተኛው አዳራሹን ሊቆልፍ ቁልፍ ይዞ መጥቶ ነበር። ጸሐፊው ስብሰባው ገና አላለቀም ብሎ መልሶታል።

ስብሰባው የተዘጋበት ሰዓት፦ ለአባላቱ ስድስት ተኩል። ለምስክሯና ለጸሐፊው ስምንት ሰዓት።