ሁለት የክብሪት ቀፎ

[መርሳ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ዛፍ ሥር፤ ጠዋት። አማን የግራና ገበሬ ነው፤ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን አውቶቡስ ይጠብቃል። ወልዴ ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አሁን ሥራው አላፊ አግዳሚውን መምከር ነው። ያልተለኮሰ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቷል።]

ወልዴ፦ አንዲት የክብሪት እንጨት እኮ ነው የጠየቅሁህ! ርስትህን ስጠኝ አላልኩ!

አማን፦ ርስቱንማ መንግሥት ወስዶታል። ክብሪቱ ግን የለኝም፣ አያ ወልዴ።

ወልዴ፦ የደረት ኪስህ ውስጥ ያለው ታዲያ ምንድን ነው? ቀፎው ብቅ ብሎ እያየሁት!

አማን፦ ቀፎው የክብሪት ነው። ውስጡ ያለው ግን የቶይባ ነው።

ወልዴ፦ የልጅህ? ምኗ?

አማን፦ [ግራ ቀኝ አይቶ] ሰገራዋ።

ወልዴ፦ [ሲጋራው ከአፉ ይወድቃል] እግዚኦ! በደረት ኪስ?

አማን፦ ታዲያ የት ልያዘው? ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባት እኮ እሱ ነው።

ወልዴ፦ ማትሪክ አለፈች ብለህ መንደሩን ያሳበድከው አንተ አይደለህም እንዴ?

አማን፦ አልፋለች፣ አልሃምዱሊላህ። ተቀብለናታል ብለው ጻፉ፤ ጤነኛ ከሆነች። ወልዲያ ሐኪሞቹ ዓይኗን አዩ፣ ደረቷን አዩ፣ የቀረው ይሄ ነው። በተመረመረች ቀን ሰገራው እምቢ ስላላት ከቤት ላኪ ተባለች። እሷ ማሽላው ማማ ላይ ሆና ወፍ ታባርራለች፤ እኔ ይዤ መጣሁ። ዛሬ ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

ወልዴ፦ "ከሆነች"! ወይ የዋህ! እኔ እስከ አሰብ ስመላለስ ስንት የመንግሥት ወረቀት አይቻለሁ መሰለህ? "ከሆነ" ያለበት ወረቀት አልተቀበልንም ማለት ነው፤ በትህትና።

አማን፦ ተቀብለናል ነው እኮ የሚለው።

ወልዴ፦ ገበሬ ማኅበሩ "ማዳበሪያ ይሰጣችኋል፣ ከመጣ" አላላችሁም?

አማን፦ ብሎናል።

ወልዴ፦ እና መጣ?

አማን፦ ስብሰባው ነው የመጣ።

ወልዴ፦ በቃ!

አማን፦ እኔ እንኳ የገባኝ እንደ እጮኛ ነው። አሚናን ሳጫት አባቷ "ሰጥቼሃለሁ፤ በሬ ስትገዛ ትወስዳታለህ" አሉኝ። በሬውን ገዛሁ፣ ወሰድኳት። ቶይባም ታጭታለች እንጂ ገና አልተዳረችም።

ወልዴ፦ [እየሳቀ] ስሙልኝ! ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ነገር ከሚስቱ አባት ጋር አንድ አደረገው! ይልቅ ንገረኝ፤ የልጅቱ ሆድ ንጹሕ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለህ?

አማን፦ እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ሊያዩ አይደል እንዴ?

ወልዴ፦ የግራናን የወንዝ ውኃ ጠጥታ ያደገች ልጅ! አንዲት ትል ትገኝ፤ አለቀ! ዕድሜዋን ሙሉ ማማ ላይ ወፍ ስትል ነው የምትኖረው።

አማን፦ [ደንግጦ] ያረቢ! ምን ይሻለኛል?

ወልዴ፦ የታወቀ ሆድ ማቅረብ ነው። የኔን።

አማን፦ ዩኒቨርሲቲው ያንተን ሆድ ምን ያደርግለታል?

ወልዴ፦ አቤት፣ ከገበሬ ጋር መነጋገር! የኔን ትሰጥና "የቶይባ ነው" ትላለህ! ሆዴ መስታወት ነው። ጥሬ ሥጋውን እንዳሻኝ እበላለሁ፤ ኮሶ ግን ጠጥቼ አላውቅም። ለምን እጠጣለሁ? የሚጠጣ ያለበት ሰው ነው።

አማን፦ እነሱ የጠየቁት ግን የሷን ነው።

ወልዴ፦ ውለታ ልዋልልህ ስል ጭራሽ ትከራከረኛለህ? [ባዶ የክብሪት ቀፎ ከኪሱ ያወጣል] ይኸው፣ ክብሪቱ ያለቀብኝ ለካ ለዚህ ኖሯል! ጠብቀኝ።

[ከቁጥቋጦው ኋላ ይሄዳል። አማን ወደ ሰማይ እያየ ይጠብቃል። ወልዴ ቀፎውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ይመለሳል።]

ወልዴ፦ እንካ። አደራህን፣ መንገድ ላይ እንዳትጥለው!

አማን፦ አደራ ካልክማ አለቀ። አደራ በልቼ አላውቅም።

ወልዴ፦ [ፊቱን አጨማዶ] ይሄንንም አትብላ።

[አውቶቡሱ ይመጣል። አማን አንዱን ቀፎ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ኪሱ ከቶ ይሳፈራል።]

[ከሰዓት በኋላ፤ እዚያው ዛፍ ሥር። አማን ከአውቶቡስ ይወርዳል።]

ወልዴ፦ [ሰው እንዲሰማው እየጮኸ] እህሳ፣ የዩኒቨርሲቲው አባት! ምን አሉ?

አማን፦ ወላሂ አያ ወልዴ፣ ሐኪሙ ያንተን ሲያይ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ አሳየው።

ወልዴ፦ [ደረቱን ነፍቶ] ምን አልኩህ! እንዲህ ያለ አይተው አያውቁማ!

አማን፦ እነሱም ያሉት እንደሱ ነው። ኮሶውም አለ፣ ወስፋቱም አለ። አንዱን ግን ስላላወቁት መጽሐፍ ሲያገላብጡ ትቻቸው መጣሁ።

ወልዴ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል! [ድንጋይ ላይ ዘጭ ይላል] ወይኔ ወልዴ! ልጅቷን ገደልኳት! አማን ወንድሜ፣ በኔ ምላስ ነው ማማ ላይ የቀረችው!

አማን፦ ቶይባን ምን አገባት? ቶይባማ አለፈች።

ወልዴ፦ እ?

አማን፦ የሷ ንጹሕ ነው ተባለ። አሚና ውኃ ሳታፈላ ለልጅ አትሰጥም። ሐኪሙ ማኅተሙን ግጭ አደረገላት፤ እሑድ ትሄዳለች፣ ኢንሻአላህ።

ወልዴ፦ የኔንስ ታዲያ ምን አደረግኸው?

አማን፦ አደራ አላልከኝም? አደራ በባለቤቱ ስም ነው የሚደርስ። "ይሄኛው የማን ነው?" አሉኝ። "የአያ ወልዴ፣ መርሳ፣ መኪና መቆሚያው ጋ" አልኳቸው።

ወልዴ፦ በስሜ?!

አማን፦ እስከ አያትህ ነው ያስመዘገብኩት። ሌላ ወልዴ በከንቱ እንዳይታማ ብዬ።

ወልዴ፦ አንተ ጉደኛ! "የቶይባ ነው" በል አላልኩህም?

አማን፦ ብለኸኛል። መንገድ ላይ ግን አሰብኩት። የአሚና አባት በሬ ግዛ ሲሉኝ የጎረቤቴን በሬ ነድቼ ባሳያቸው ኖሮ፣ ልጃቸውን ወስጄ በምን ላርስ ነበር? ቶይባስ ባንተ ሆድ አልፋ ብትሄድ፣ እዚያ በራሷ ሆድ ስትታመም ማን ሊደርስላት ነው?

[የወልዴ ሆድ ረዘም አድርጎ ይጮኻል። ወልዴ በሁለት እጁ ሆዱን ይሸፍናል።]

አማን፦ አትዘን። ሐኪሙ አንተንም ተቀብሎሃል።

ወልዴ፦ [ቀና ብሎ] ምን ብሎ?

አማን፦ "ሰኞ ይምጣ፣ እናክመዋለን፤ ጥሬ ሥጋውን ካቆመ" ብሎ።

ወልዴ፦ "ካቆመ"? እና... ተቀብሎኛል ነው ወይስ አልተቀበለኝም?

አማን፦ ታጭተሃል፣ አያ ወልዴ። [ከኪሱ አዲስ ክብሪት አውጥቶ ይሰጠዋል] እንካ፣ ጠዋት የከለከልኩህ ቆጭቶኝ ገዛሁልህ። እንጨቱን እስከ ሰኞ ጨርስ፤ ቀፎውን ግን እንዳትጥለው፣ ሌላ ይዞ ይምጣ ብለዋል።