መቀሱ ለልብስ ሰፊዋ ይመለስ ወይስ አይመለስ በሚል የተደረገ የቤተሰብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ። ስንተኛው ቀን እንደሆነ ሰብሳቢውና አማቻቸው ሊስማሙ አልቻሉም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም የአምናው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቅዳሜ መሆኑ ብቻ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ቦታ፦ የልብስ ስፌት ሱቃችን የኋላ ክፍል፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ።

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚሰበስቡት ሰው ያጡ።
አባል፦ የባለጉዳይዋ ባል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ።
አባል፦ ልጃቸው፣ የኮሌጅ ተማሪ።
ባለጉዳይ፦ ልብስ ሰፊዋ እህታችን፣ ያለ ድምፅ።
ጸሐፊ፦ እኔ ታናሽ እህት፣ የሱቁ ዘምዛሚ። «የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብዬ ነው የተመረጥኩት። መቃወሜ በወቅቱ አልተመዘገበም፤ አሁን መዝግቤዋለሁ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሰብሳቢው ወንበራቸውን በሩ ላይ አድርገው ስለተቀመጡና መውጣት ስለማይቻል ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ባለጉዳይዋን የኮሮና ቫይረስ ከያዛት ወራት ማለፋቸውን፣ ትኩሳቱና ሳሉ ቢለቋትም ሐሳቧ እንደ ድሮው አልሰበሰብ እንዳላት፣ የጀመረችውን ወሬ መሐል ላይ እንደምትጥለው አስረድተዋል። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይሻላታል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ትሥራ፣ ፀጥታ ይኑር፣ ሳይደክማት በፊት ትረፍ» ማለቱንም አስታውሰዋል። ይህን ምክር በሥራ ላይ ለማዋል ለሁላችንም በአንድ ጊዜ የመናገር ዕድል ሰጥተዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሁለቱ የግራ እጅጌዎች

ባለጉዳይዋ ለሙዚቃ አስተማሪው ኮት ሁለት የግራ እጅጌ መቁረጧ ተገለጸ። ኮቱ ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል። ባሏ ደንበኛው አዲስ ፋሽን ነው ቢባሉ አምነው ሊወስዱት እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው በበኩላቸው ደንበኛው ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ቢያደርጉ ምንም እንደማይታወቅ ጠቆሙ። ልጅቱ ሰውየው ፒያኖ እንደሚያስተምሩ ስታስታውስ ሐሳቡ ለጊዜው ታጥፏል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አንዱ እጅጌ እንደገና እንዲቆረጥ ተወሰነ። ማን ይቁረጠው የሚል ጥያቄ ተነሣ። በዚህ ሱቅ ከባለጉዳይዋ በቀር ልብስ ቆርጦ የሚያውቅ የለም። ሰብሳቢው በሥራ ዘመናቸው የምረቃ ሪባን ደጋግመው መቁረጣቸውን ጠቅሰው ራሳቸውን በዕጩነት አቀረቡ። ጨርቁን ከፊታቸው ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ስቤዋለሁ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማስታወሻ መሣሪያዎች

ባሏ ካውያው ተሰክቶ ሲረሳ የሚጮህ ደወልና ሌላ ነገር ሲረሳ የሚበራ ቀይ አምፖል ማስገባታቸውን በኩራት ገለጹ። ልጅቱ በእናቷ ስልክ ላይ የውኃ፣ የመድኃኒት፣ የእረፍትና «ያለፈውን ማስታወሻ አይተሻል ወይ» የሚሉ ማንቂያዎች መሙላቷን ተናገረች። ሰብሳቢው ግድግዳው ላይ የለጠፏቸውን ወረቀቶች በእጃቸው አሳዩ።

በዚህ መሐል ደወሉ ጮኸ፣ አምፖሉ በራ፣ ስልኩም ተንጫረረ። ስለምን እንደሆነ የሚያውቅ አባል አልተገኘም። ባለጉዳይዋ ግንባሯን ይዛ እጇን አወጣች። ስብሰባው ላይ ያለችው ያለ ድምፅ መሆኑ ተነገራት።

ከረጅም ውይይት በኋላ መሣሪያዎቹ ሁሉ እንዲቀጥሉ፣ በተጨማሪም ከኋላዋ ቆሞ በየመሐሉ «እርግጠኛ ነሽ?» የሚላት ሰው እንዲመደብ ተወሰነ። የተመደብኩት እኔ ነኝ። ፊቴን ማጥቆሬ እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 3፦ ስለ መቀሱ

መቀሱ ከእጅጌው ጉዳይ ወዲህ በሰብሳቢው ኮት ኪስ ውስጥ ይገኛል። ባለጉዳይዋ ፈጽሞ እስክትድን እዚያው እንዲቆይ ሐሳብ ቀረበ። ባሏ ደገፉ፤ እንዲህም አሉ፦ «ባለፈው 'ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ' እያለች ስትቆርጥ ውላ፣ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ስሜን እንኳ ስትጠራ ተደናቀፈች። ያን ቀን የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ባለጉዳይዋ ዕድል ሳይሰጣት ተነሥታ ተናገረች። ንግግሯ ቃል በቃል እንዲያዝ ጠይቃለች፦

«ደህና ነኝ የምለው ፈርቼ ነው። ደከመኝ ካልኩ መቀሱን ትወስዱብኛላችሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ እሳሳታለሁ። ቃል ይጠፋኛል፣ አልዋሽም። ትናንት ሜትር ለማለት 'ያን እባብ አምጡልኝ' ብያለሁ። ግን እጄ ጨርቅ ያውቃል፣ ጋሼ። እሱንም ከወሰዳችሁብኝ እኔ ምን ቀረኝ?»

ልጅቱ በእባቡ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ደወሉ እንደገና ጮኸ። ባሏ ብድግ ብለው ገመዱን ከነመሰኪያው ነቀሉት። እኔም አልቅሻለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ግን ንጹሕ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ

ያለ ምንም ውይይት፦ እጅጌው እንደገና ይቆረጥ ከሚለው በቀር በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነውም ሊወሰን የነበረውም ሁሉ ተሽሯል። ደወሉ፣ አምፖሉ፣ ማንቂያዎቹና ወረቀቶቹ ይነሣሉ። ባለጉዳይዋ ሲደክማት ትናገራለች፤ ስትናገር መቀሱን ማንም አይነካባትም። ኮሚቴው ፈርሷል። ሰብሳቢው ስለ ኮሚቴው መፍረስ የሚመክር አንድ ስብሰባ ብቻ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ፤ አልተፈቀደም። መቀሱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጥተዋታል።

ስብሰባው ጠረጴዛው ለሥራ ስለተፈለገ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተበትኗል።

ከዚያ በኋላ የሆነው በደንቡ አይመዘገብም፤ እኔ ግን እመዘግበዋለሁ። ሁላችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። እህቴ ጨርቁን ዘረጋች፣ አገላብጣ አየችው፣ የሚቆረጥበትን በደረቅ ሳሙና አሰመረች፣ ቀኝ እጅጌውን ቆረጠች። ኮሌታው ገና ይቀር ነበር።

«ደከመኝ፣ ኮሌታው ለነገ ይደር» ብላ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

የጋሼ እጅ በልማዱ ወደ መቀሱ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።