ተራ ቁጥር አሥራ አራት

የጦር መሣሪያን ለሰላማዊ አገልግሎት የሚያውለው ጽሕፈት ቤት አንድ ታንክ ለዳቦ ቤት አስረክቧል። ርክክቡ ደንቡን የጠበቀ ነበር፤ ታንኩ ከነሙሉ ዕቃው ተቆጠረ። ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ክሪክ። አሥራ ሦስት፣ የመፍቻ ሣጥን። አሥራ አራት፣ ሾፌር፤ ብዛት አንድ፤ ያገለገለ።

ሾፌሩ አሥር አለቃ ነው። በዚያ ሳምንት ተሰናብቶ ሚስቱ ዘንድ ሊገባ ሻንጣውን አሥሮ ነበር። በማግስቱ በታንኩ ዳቦ ማዞር ጀመረ። ዳቦው በየሰፈሩ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ደንበኞችም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ይቀበላሉ።

በሦስተኛው ወር አሥር አለቃው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

«ጌታዬ፣ እኔኮ ሰው ነኝ።»

«ማን ካደ?» አለ የንብረት ኃላፊው መነጽሩን እየወለወለ። «ግን ተፈርሞብሃል። ከአገልግሎት ውጭ መሆንህን ባለሙያ ካላረጋገጠ ከመዝገብ አትወጣም።»

ባለሙያው መካኒክ ነበር። አሥር አለቃውን አስጎነበሰው፣ አስነሣው፣ አስሳለው።

«ጉልበቱ ይንኳኳል። ጠዋት ጠዋትም ቶሎ አይነሣም» አለ።

የአሥር አለቃው ፊት በራ።

«ሞተሩ ግን ገና ነው። አሥር ዓመት ያለ ሐሳብ ይሄዳል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አሥር አለቃውን ሙገሳ አስለቅሶት አያውቅም ነበር።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ እሱን አስከትላ ራሷ ጽሕፈት ቤቱ መጣች።

«ባሌን ስጡኝ።»

«እህቴ፣ የመንግሥት ንብረት እንዲሁ አይሰጥም።»

«ከመንግሥት በፊት የወሰድኩት እኔ ነኝ!»

«የተረከብሽበት ሰነድ አለ?»

የጋብቻ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ኃላፊው አገላብጦ አየው።

«የዕቃ መለያ ቁጥር የለውም» አለ በሐዘን።

«እሺ!» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንግዲያው እኔንም መዝግበኝ። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ኃላፊው ደነገጠ፤ ቅጹ ላይ የሚስት ዓምድ የለም። ላብ በላብ ሆኖ ደንቡን ሲያገላብጥ ቆየና አንድ ቀዳዳ አገኘ። አሥር አለቃው ዝናብ እንዳይመታው፣ ለሦስተኛ ወገንም እንዳይተላለፍ በሚል ግዴታ፣ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ውሰት ለሚስቱ ተሰጠ። ፈረመች።

«ና ውጣ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!» ብላ ክንዱን ይዛ ነጎደች።

በዓመቱ መጨረሻ ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት አቀረበ። ወደ ቤታቸው የተመለሱ ወታደሮች ብዛት፦ አንድ፣ በውሰት። ውጤቱ አመርቂ ሆኖ ስለተገኘ ሦስት መቶ አዳዲስ ሠራተኞች ተቀጠሩ። የደንብ ልብስ ተሰፍቶላቸው ጠዋት ጠዋት ይሰለፋሉ። ሥራ እንዳይፈቱም አዲስ ታንክ ታዞላቸዋል።