ጋሼ ፈገግታ የራሳቸውን እገዳ ያነበቡ ዕለት

ምእመኑ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ትከሻው የሚርገፈገፍ አንድ ሰው የሌለበት ጉባኤ የለም። የሚያለቅስ መስሏችሁ መሐረብ ስታቀብሉት ሲስቅ ታገኙታላችሁ።

የእኛው ክቡር ጋሼ ፈገግታ ናቸው። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አንብበውልናል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው የሚያዳምጣቸው እዚያ አትሮንስ ላይ ብቻ ነው።

ነቢዩ ዮናስ አኩርፎ የተቀመጠበት ምንባብ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «አገር ምድሩ ድኖለት፣ እሱ ቅል ደረቀችብኝ ብሎ ሞቱን ይለምናል። ይህን ሰውዬ አታውቁትም? እኔ ጢሜን ስላጭ በመስተዋት አየዋለሁ።»

ኤልያስ የበኣልን ነቢያት «አምላካችሁ ተኝቶ እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ቀስቅሱት» እያለ ሲያፌዝባቸው፣ ጋሼ ጎረቤት እንደሚጠራ ሰው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያነቡታል።

«ኧረ ይተዉ ጋሼ» ይሏቸዋል ሽማግሌዎቹ።

«ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ተጽፎ ነው ያገኘሁት።»

አንድ እሑድ ሰባኪያችን ሁለት ሰዓት ሰብኮ ሲያበቃ፣ ሰዉ አንቀላፋብኝ ብሎ አዘነ። ጋሼ ሊያጽናኑት ጠጋ አሉ።

«አይዘኑ መምህር። ጳውሎስም ስብከት ሲያረዝም አንድ ጎበዝ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቋል። ልዩነታችሁ፣ ጳውሎስ ወርዶ አስነሥቶታል።»

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት ከንባብ አገዷቸው። እሑድ ለምእመኑ እንዲነበብ የታዘዘውን ደብዳቤ የጻፍኩት የጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ። የዘነጋነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በእኛ ዘንድ ሠርግም ይሁን ሞት፣ ማስታወቂያ የሚያነበው አንባቢው ነው።

እሑድ ፖስታውን ከፈቱት። «ቅዱሱን ቃል በቀልድ ስላቀለሉ» የሚለውን ጭምር ሳያዛንፉ፣ በየአራት ነጥቡ እያረፉ አነበቡት።

«ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «እገዳው የሚቆጠረው ከአሁን ነው ከነገ? የዛሬው ምንባብ ገና አልተነበበም።»

መጀመሪያ የሳቀው ሰባኪው ነው። ሳቁን መመለስ አቅቶት ከመቀመጫው ተነሣ።

«ያንብቡልን እንጂ ጋሼ» አለ። «እኔም ዛሬ አላረዝምም።»

በቃለ ጉባኤው ላይ «ደብዳቤው በንባብ ተሰማ» ብዬ ጻፍኩ። እገዳው ከመቼ እንደሚጀምር እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም መዝገቡን ፈልጌ ለማግኘት ዓመት ሳይፈጅብኝ አይቀርም።